የሥዕል መጽሐፍ ገንዘብ ማባከን ነው? ከሐዋሳ ለደረሱን ጥያቄዎች መልስ

የዚህ እትም ጥያቄዎች ሁሉ ከሐዋሳ የመጡ ናቸው፤ ሁሉም ከ5 ዓመት በታች ላሉ ልጆች ስለሚሆን የሥዕል መጽሐፍ ነው የሚጠይቁት። የመጀመሪያው ደብዳቤ ጠንከር ያለ አስተያየት ስላለበት ሰፋ አድርገን መልሰነዋል።

ጥያቄ፦ ሴት ልጄ 3 ዓመቷ ነው። እናቷ የሥዕል መጽሐፍ ትገዛላታለች፤ እኔ ግን ገንዘብ ማባከን ይመስለኛል። አንዱ 16 ገጽ ሆኖ ሙሉው 60 ቃል እንኳ የለውም፤ በ2 ደቂቃ አንብቤ እጨርሰዋለሁ። ጭርሱን ጽሑፍ የሌለውም አለ። ደግሞ አንዳንዱ ምክር የለውም፤ ድመቷ ትሄዳለች፣ ድመቷ ትተኛለች፣ አለቀ። መጽሐፍ ከሆነ አይቀር ሥነ ምግባር ያስተምር ባይ ነኝ። ተሳስቻለሁ? (አባት፣ ከታቦር ክፍለ ከተማ)

መልስ፦ በቃል ብዛት ከተለካ እውነትዎን ነው፣ ውድ ነው። ነገር ግን በ2 ደቂቃ ያለቀው ጽሑፉ እንጂ መጽሐፉ አይደለም። የ3 ዓመት ልጅ የምታነበው ሥዕሉን ነው። እርስዎ ገጹን ሲገልጡ እሷ ገና ጥግ ላይ ያለችውን ጫጩት እያየች ይሆናል። ያንኑ 16 ገጽ ሥዕሉ ላይ እያወሩ ቢሄዱ ሩብ ሰዓት ይፈጃል።

የሚወራበትም መንገድ አለው። አሜሪካዊው የሥነ ልቦና ተመራማሪ ግሮቨር ዋይትኸርስትና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1988 ባሳተሙት ጥናት ከ2 እስከ 3 ዓመት ገደማ የሆናቸውን ልጆች ወላጆች አሠለጠኑ፤ ልጁ ሰሚ ብቻ ሳይሆን ተራኪ የሚሆንበትን አነባበብ ለአንድ ወር ያህል ቤታቸው ሠሩበት። የእነዚህ ልጆች አነጋገር እንደ ወትሮው ከተነበበላቸው ልጆች በልጦ ተገኘ። አሠራሩ ቀላል ነው፦ መጠየቅ፣ መልሷን መቀበል፣ ጥቂት ቃል ጨምሮ ማስረዘም፣ ከዚያ ማስደገም። ሐይቅ ዳር የሚያሳይ ሥዕል ላይ ሲሆን እንዲህ ነው፦

«ይሄ ማነው?»

«ወፍ።»

«አዎ፣ ወፍ ነው። አባ ኮዳ ይባላል። ዓሣ እየጠበቀ ነው። እስቲ አንቺ በይው።»

«አባ ኮዳ ዓሣ እየጠበቀ ነው።»

በማግስቱ እዚያው ገጽ ላይ «ይሄ ማነው?» አይባልም፤ እሱ ታውቋል። «አባ ኮዳ ምን እየጠበቀ ነው?» ተብሎ ይቀጠላል። ከጠየቁ በኋላ በልብዎ እስከ 5 ይቁጠሩ። ብዙ ወላጅ ልጁ አፉን ሳይከፍት ራሱ ይመልሳል፤ ልጁም ዝም ማለትን ይለምዳል። በአንድ ገጽ አንድ ጥያቄ ይበቃል። ከዚያ ሲያልፍ ፈተና ይሆንባትና መጽሐፉን ትዘጋዋለች።

አማርኛ ለዚህ ጨዋታ የተመቸ ነው። ግሱ መጨረሻ ላይ ስለሚመጣ፣ ዓረፍተ ነገሩን ጀምረው የመጨረሻዋን ቃል ሲተዉላት ልጅቷ የምትሞላው ግሱን ነው። «አባ ኮዳ ዓሣውን...» ሲሏት «ዋጠው!» ትላለች። ድመቷ ስትሆን «ዋጠችው»፣ አሞሮቹ ሲሆኑ «ዋጡት»። ማን እንዳደረገና ማን ላይ እንደተደረገ በአንዲት ቃል ውስጥ ማስገባት ለትንሽ ልጅ ከባድ ሥራ ነው፤ ሥዕሉ ግን ማን እንደሆነ ፊት ለፊት ያሳያታል። ስለዚህ «ድመቷ ትሄዳለች፣ ድመቷ ትተኛለች» የሚለውን መጽሐፍ አይናቁት። «ውሻውስ?» ቢሏት «ይተኛል» ብላ ግሱን ራሷ ትለውጠዋለች። ጽሑፍ የሌለው መጽሐፍ ደግሞ ሌላ ጥቅም አለው፦ ፊደል ያልቆጠሩ አያትም ሆኑ ሞግዚቷ እኩል ይይዙታል።

ወደ ምክሩ እንምጣ። ተረቶቻችን ምክር አላቸው፤ ግን የሚነገሩት «ተረት ተረት» ሲባል «የላም በረት» እየተባለ፣ ልጁ እየተቀበለ ነው፤ ምክሩም ታሪኩ ሆድ ውስጥ ነው ያለው። እኛ የማንወደው መጨረሻ ገጽ ላይ «ከዚህ ምን እንማራለን?» ተብሎ በሳጥን የሚለጠፈውን ነው። የ3 ዓመት ልጅ ከአንድ ታሪክ አጠቃላይ ሕግ ማውጣት ገና ይቸግራታል። የጅብና የጥጃ ተረት ቢነበብላት የምትይዘው ጅቡ ያደረገውንና ጥጃዋ የሆነችውን ነው። ሳጥኑን ይዝለሉትና የጥጃዋን ፊት እያሳዩ «ምን ሆና ነው?» ይበሏት። «ፈርታ»፣ «ተናዳ»፣ «አፍራ» የሚሉት ቃላት እዚያ ይገኛሉ፤ የሌላውን ስሜት ማወቅም ከእነዚህ ቃላት ይጀምራል።

እርስዎ የሚፈልጉት ገንዘብ የማያባክን መጽሐፍ ከሆነ፣ መጽሐፍ መሸጫው ውስጥ ቆመው ይህን ያድርጉ። ጽሑፉን በመዳፍዎ እየሸፈኑ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ይግለጡት፤ ታሪኩን በሥዕሉ ብቻ መከተል ካቃተዎ ይመልሱት። ከዚያ አንዱን ገጽ ድምፅ አውጥተው ያንብቡ፤ በአንድ ትንፋሽ ካላለቀ ለልጅዎ ረዝሟል። ለ1 ዓመት ተኩል ልጅ በገጽ አንድ ነገርና አንድ ቃል፣ ለ2 ዓመት አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር፣ ለ3 ዓመት ሁለት፣ ለ4 እና ለ5 ዓመት እስከ አራት ቢሆን መልካም ነው። ዋናዋ ባለ ታሪክ በየገጹ ያንኑ ልብስ መልበሷንም ይመልከቱ። ትንሽ ልጅ ሰውን ብዙውን ጊዜ የሚለየው በልብሱ ቀለም ነው፤ ሠዓሊው ቀሚሱን ከቀየረው «ይቺ ሌላ ናት» ይልና ታሪኩ ይጠፋበታል። ሥዕሉ በሁለት ገጽ ላይ ሲዘረጋም የሰው ፊት ጥርዙ ውስጥ ገብቶ እንዳይሰወር።

የሚታየው ነገር እውነተኛ መሆኑ ያሳስበናል። በልጆች መጽሐፍ ውስጥ የገጠር ቤት ሁሉ የጭቃ ግድግዳና የሣር ክዳን ያላት ያችው ጎጆ ናት። ከሐዋሳ ወጣ ሲሉ ግን በቀርከሃ የተሠራው የሲዳማ ቤት አለ፤ ልጁ ያየውን መጽሐፉ ላይ ቢያገኘው ስንት ወሬ ይወጣው ነበር።

ቤት ገብተው ለልጅቷ ከማንበብዎ በፊት አንዴ ለራስዎ ያንብቡት። ፊደላችን የሚጠብቀውንና የሚላላውን አይለይም። «አህያው ይመታል» ሲል አህያው መቺ ነው ተመቺ? «ዋና» የሐይቁ ዋና ነው ወይስ ዋናው ነገር? «ገና» በዓሉ ነው ወይስ አልደረሰም ማለት? ልጅቷ ፊት ተሳስተው ወደ ኋላ ሲመለሱ የታሪኩ ፍሰት ይሰበራል።

ወጪው ከከበደ ደግሞ አምስት ቤተሰብ ሆናችሁ በቤት ሁለት ሁለት መጽሐፍ ግዙና በየሁለት ሳምንቱ ተለዋወጡ። እያንዳንዱ ልጅ በ10 ሳምንት 10 መጽሐፍ ያያል። ሐዋሳ ለእንዲህ ያለው ነገር እንግዳ አይደለችም፤ ዮሐንስ ገብረጊዮርጊስ ያቋቋሙት ኢትዮጵያ ሪድስ የተባለው ድርጅት በአህያ የሚጎተት ተንቀሳቃሽ የልጆች ቤተ መጻሕፍት ያዞረው በዚሁ ከተማ ነው።

ጥያቄ፦ ልጄ 9 ወሩ ነው። መጽሐፍ ስሰጠው ይበላዋል። ትንሽ ይቆይ ወይስ አሁን ልጀምር? (እናት፣ ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ አሁን ይጀምሩ። መብላቱ ማንበቡ ነው፤ በዚህ ዕድሜ ነገርን የሚያውቀው በአፉ ነው። የሚቀየረው መጽሐፉ ነው። ገጹ እንደ ካርቶን ወፍራም፣ ማዕዘኑ የተከረከመ፣ ከ8 እስከ 12 ገጽ ያለው ይሁን። የጨርቅም ይሆናል። በሽቦ የተጠረዘ፣ ዓይን ወይም አዝራር የተለጠፈበት፣ በስቴፕለር የተያዘ አይስጡት። ተነቅሎ ስፋቱ ከ3 ሳንቲ ሜትር ተኩል የሚያንስ ነገር ሁሉ ሊያንቀው ይችላል።

አዲስ የተወለደ ሕፃን አጥርቶ የሚያየው ከ20 እስከ 30 ሳንቲ ሜትር ያለውን ነው፤ ለእሱ ጥቁርና ነጭ ትልልቅ ቅርጽ ይበቃል። የእርስዎ ልጅ ግን ያንን አልፏል፤ ቀለምም ይለያል። ነጭ ወይም ባለ አንድ ቀለም መደብ ላይ አንድ ነገር ብቻ ያለበት ሥዕል ይምረጡለት፦ ኳስ፣ ድመት፣ ሲኒ፣ የሕፃን ፊት። ጭንዎ ላይ አስቀምጠው፣ መጽሐፉን ሁለታችሁም በምታዩት በኩል ይዘው፣ በጣትዎ እየነኩ ስሙን ይጥሩ። 2 ደቂቃ ከቆየ ትልቅ ነገር ነው። ፊቱን ካዞረ ይዝጉት። ብዙ ልጆች ከ9 እስከ 12 ወር ባለው ጊዜ በጣት ማመልከት ይጀምራሉ፤ ያመለከተውን ወዲያው ይሰይሙለት። ወፍራም ገጽ በዓመቱ ገደማ ራሱ ይገልጣል፤ ስስ ወረቀት አንድ በአንድ መግለጥ ግን ወደ 3 ዓመት ሲጠጋ የሚመጣ ነውና ሲቀድ አይቆጡት።

የተነከሰውን መጽሐፍ በእርጥብ ጨርቅ ይወልውሉ እንጂ አይንከሩ። ገጹን ከፍተው ጥላ ውስጥ ያቁሙት። የሐዋሳ ፀሐይ ላይ ከተሰጣ ካርቶኑ ይቆለመማል፣ ቀለሙም ይገረጣል።

ጥያቄ፦ አማቴ አብረውን ይኖራሉ፤ ለልጁ የሚያወሩት በሲዳምኛ ነው። እኔና ባለቤቴ አማርኛ እንናገራለን። በስጦታ ያገኘናቸው የሥዕል መጻሕፍት ደግሞ የእንግሊዝኛ ናቸው። ልጄ 2 ዓመት ተኩሉ ነው። በየትኛው ላንብብለት? ቋንቋ እንዳይደበላለቅበት ፈራሁ። (እናት፣ ከመነኻሪያ አካባቢ)

መልስ፦ አይፍሩ። በሁለት ቋንቋ የሚያድግ ልጅ በአንድ ዓረፍተ ነገር ውስጥ ከሁለቱም ቃል ቢያስገባ ችግር ሳይሆን የተለመደ እድገት ነው። አማትዎ በሲዳምኛ ያውሩለት፣ እርስዎ በአማርኛ፣ ባንዱ መጽሐፍ ላይ። ያው ሥዕል በሁለት አፍ ሲነገር ልጁ ሁለት ስም ያገኛል። አማትዎ ጽሑፉን ማንበብ አያስፈልጋቸውም፤ ሥዕሉን እያዩ የራሳቸውን ታሪክ ቢናገሩ ከተተረጎመው ይበልጣል።

የእንግሊዝኛውን ቃል በቃል አይተርጉሙት። ቤት የሚመታ መጽሐፍ ሲተረጎም ቤቱ ይፈርስና ትርጉም የለሽ ወሬ ይቀራል። እርስዎ ከሥዕሉ ተነስተው ልክ እንደሚናገሩት አንድ አንድ አጭር ዓረፍተ ነገር ወረቀት ላይ ይጻፉ፤ ወረቀቱን በጽሑፉ ላይ ጫፍና ጫፉን ብቻ በኮላ ይለጥፉ። እንዲህ ሲሆን ማታ ማንም ቢያነብለት ቃሉ አንድ ይሆናል። ሲዳምኛ የሚጻፈው በላቲን ፊደል ነውና እሱን ከላይ፣ አማርኛውን ከታች ማድረግ ይቻላል። በሁለት ዓመት ተኩሉ ፊደሉን ስለማያነብ አይምታታበትም።

በሲዳምኛ፣ በአማርኛና በአፋን ኦሮሞ የተዘጋጁ የልጆች መጻሕፍት እ.ኤ.አ. በ2018 አዲስ አበባ ላይ ይፋ በሆነው ግሎባል ዲጂታል ላይብረሪ በተባለው የኢንተርኔት ቤተ መጻሕፍት በነፃ ይገኛሉ። አብዛኞቹ መታተምን የሚፈቅዱ ናቸው፤ መጨረሻ ገጽ ላይ ያለውን ፈቃድ አይተው ፎቶ ኮፒ ቤት ያሳትሟቸው።

ጥያቄ፦ ልጄ 4 ዓመቷ ነው። የፊደል ሥዕል መጽሐፍ አላት። «ሀ ሁ ሂ ሃ» ብላ እስከ መጨረሻው ትወርደዋለች፤ መሃል ላይ ጠቁሜ ስጠይቃት ግን አታውቅም። ሥዕሉን አይታ ትገምታለች። ምን ላድርግ? (እናት፣ ከአቶቴ)

መልስ፦ ልጅዎ ያወቀችው ዜማውን ነው፤ ዜማውም ቢሆን ሀብት ነውና አያስጥሏት። 33ቱ ፊደላት በ7 ሲባዙ 231 ቅርጽ ይሆናሉ። ይህን ሁሉ ለ4 ዓመት ልጅ በአንድ ጊዜ መደርደር ነው ስህተቱ።

መጀመሪያ መጽሐፉን ይመርምሩት። የፊደል መጽሐፍ ትልቁ ጉድለት የሥዕሉ ስም ነው። «ፍ» ለ«ፍቅር» ተብሎ ልብ ይሳላል፤ ልጅቷ የምታየው ልብ ነው። «ሀ» ለ«ሀገር» ተብሎ ባንዲራ ይሳላል፤ «ባንዲራ» ትላለች። «ዳ» ለ«ዳቦ» ተስሎ እሷ «አምባሻ» ብትል እሷ አልተሳሳተችም። ሥዕሉ በጣት የሚነካ፣ ሌላ ስም የሌለው፣ ስሙም በዚያው ፊደል በዚያው ድምፅ የሚጀምር መሆን አለበት፦ በ በግ፣ ላ ላም፣ ዶ ዶሮ፣ ዛ ዛፍ፣ ቤ ቤት፣ ድ ድመት፣ ጀ ጀልባ። የማይሆኑትን ገጾች ሥዕሉን በሌላ ሸፍነው ይለጥፉ።

ሁለተኛው ችግር አንድ ድምፅ ያላቸው ፊደላት ናቸው፦ ሀ፣ ሐ፣ ኀ፤ ሰ፣ ሠ፤ አ፣ ዐ፤ ጸ፣ ፀ። «ይሄ ሃ ነው፣ ይሄም ሃ ነው፣ ያም ሃ ነው» ሲባል የ4 ዓመት ልጅ ፊደል ሁሉ ዘፈቀደ ይመስላታል። ከየቡድኑ አንድ ብቻ ይዘው አምስቱን ለትምህርት ቤት ይተዉላቸው።

ከዚያ ከራሷ ስም ይጀምሩ። የስሟን ፊደላት በየካርዱ ለየብቻ ይጻፉ፤ ቁመታቸው ከ5 ሳንቲ ሜትር አይነስ፤ ሥዕል አይኑርባቸው። ሥዕሉ ካለ ፊደሉን ማየት አያስፈልጋትምና ነው የምትገምተው። ሥዕሉ በሌላ ካርድ ይሁንና ታዛምድ። በአንድ ጊዜ ከ5 ካርድ አይብለጡ፣ ከ5 ደቂቃም አያስኬዱት። በ እና ሰን በአንድ ሳምንት አያምጡ፤ ሁለቱም ባለ ሁለት እግር ናቸው፣ የሚለያቸው ራሳቸው ብቻ ነው።

የግዕዙን፣ ማለትም የመጀመሪያውን ረድፍ፣ ቅርጽ ስትለይ የእግሩን ምልክት ያሳዩዋት። ካዕብ መሃል ጎኑ ላይ ክንድ ያወጣል፦ ሉ፣ ቡ፣ ኩ። ሣልስ ክንዱን ወደ እግሩ ያወርዳል፦ ሊ፣ ቢ፣ ኪ። ራብዕ አንድ እግሩ ይረዝማል፦ ላ፣ ባ፣ ካ። ኃምስ እግሩ ላይ ቀለበት ያስራል፦ ሌ፣ ቤ፣ ኬ። ሳድስና ሳብዕ ወጥ ሕግ ስለሌላቸው መጨረሻ ይምጡ። ሌላም ደስ የሚል ነገር አለ፦ ሰባት ፊደላት ሌላ ፊደል ላይ ምልክት ተጨምሮ የወጡ ናቸው። ሰ ሸ ይሆናል፣ ተ ቸ፣ ነ ኘ፣ ከ ኸ፣ ዘ ዠ፣ ደ ጀ፣ ጠ ጨ። የስድስቱ ምልክት ራሳቸው ላይ ነው፤ የጨ ግን እግሩ ላይ ነው። ልጅቷ ሰን ካወቀች ሸን «ኮፍያ ያደረገ ሰ» ብለው ያስተዋውቋት። ከሚወጣው ድምፅ ጋር ቢሆን ቶሎ ትይዘዋለች።

በመጨረሻም የማታው ታሪክ መጽሐፍ ላይ ፊደል አይጠይቋት። የፊደል ሰዓት ሌላ፣ የተረት ሰዓት ሌላ ይሁን።

ጥያቄ፦ የከተማችን ነገር ያለበት መጽሐፍ አጣሁ፤ ራሴ ልሥራለት ብዬ አስቤያለሁ። ልጄ 3 ዓመቱ ነው። ወረቀቱን በስቴፕለር መትቼ ሞከርኩ፤ በሳምንቱ ተገነጣጠለ። (አባት፣ ከፒያሳ)

መልስ፦ ስቴፕለሩን ይተዉት፤ ሽቦው ወረቀቱን ይቆርጣል፣ ጣትም ይወጋል። መጽሐፉን በክር ይስፉት። 4 የኤፎር ወረቀት (ከፎቶ ኮፒ ወረቀት ወፈር ያለ ቢሆን ይመረጣል)፣ ለሽፋን አንድ ወፍራም ባለ ቀለም ወረቀት፣ 60 ሳንቲ ሜትር ጠንካራ ክር፣ መርፌ፣ ወስፌና ኮላ ይበቃል።

4ቱን ወረቀት አንድ ላይ ለሁለት ሲያጥፉ 16 ገጽ ይሆናል። መጀመሪያ በእርሳስ ጥግ ጥጉ ላይ ከ1 እስከ 16 ቁጥር ይጻፉ፤ ከዚያ ይነጥሏቸው። ይህን ያልሠራ ሰው ሥዕሉን ለጥፎ ሲሰፋ ዓሣው ከመያዙ በፊት ተበልቶ ያገኘዋል፤ በአንድ ወረቀት ፊት ላይ 2 እና 15 ጎን ለጎን እንደሚወድቁ በዓይን አይታወቅማ። ገጽ 1 ርዕስ ነው። ከ2 እስከ 15 ያለው ሰባት ጥንድ ይሆናል፤ ግራው ላይ አንድ ዓረፍተ ነገር፣ ቀኙ ላይ ሥዕል። ገጽ 16 ባዶ ይቀመጥ፤ ልጁ የራሱን ይሳልበታል። ወደ ጥርዙ በኩል 2 ሳንቲ ሜትር ምንም ነገር አይኑር። በሁለት ገጽ ላይ የሚዘረጋ ትልቅ ሥዕል ካለዎት 8 እና 9 ላይ ያድርጉት፤ ሳይቆረጥ የሚዘረጋው ያ መካከለኛው ብቻ ነው።

ታሪኩ የአንድ ጠዋት ይሁን፦ በባጃጅ መውጣት፣ አሞራ ገደል (ሐይቁ ዳር ያለው የዓሣ ገበያ) መድረስ፣ ጀልባዋ ስትመጣ፣ ዓሣው ሲራገፍ፣ አባ ኮዳ ሲጠብቅ፣ ጉሬዛው ዛፍ ላይ፣ የዓሣ ሾርባ። ሰባት ሥዕል ሆነ። በስልክ ያነሱትን 10 በ15 ሳንቲ ሜትር ያሳትሙት፤ በታጠፈው ገጽ ላይ ቁሞ በደንብ ይገባል። ሲያነሱ ቁጭ ብለው በልጁ ቁመት ያንሱ፤ ከላይ የተነሳ ፎቶ የልጁን ዓለም አይመስልም። በአንድ ፎቶ አንድ ድርጊት ይታይ። ዓረፍተ ነገሮቹ የሚደጋገም ሐረግ ቢኖራቸው ልጁ አብሮ ያነባል፦ «ጀልባዋ መጣች፤ አባ ኮዳ ግን ቆሟል። ዓሣው ወረደ፤ አባ ኮዳ ግን ቆሟል።»

ኮላውን ፎቶው ጀርባ ሙሉውን አይቀቡ፤ ወረቀቱ ይረጥብና ይጨማደዳል። ዳር ዳሩን 1 ሳንቲ ሜትር በስሱ ቀብተው ይለጥፉ፣ ከባድ ነገር ጭነው ያሳድሩት። ሲደርቅ በቁጥሩ ደርድረው፣ ሽፋኑን ከውጭ አድርገው፣ መሃሉን ይክፈቱ። እጥፋቱ ላይ ሦስት ቀዳዳ በወስፌ ይብሱ፦ አንዱ ልክ መሃሉ ላይ፣ ሁለቱ ከላይና ከታች ጫፍ 3 ሳንቲ ሜትር ገባ ብለው። ክሩን ሻማ ላይ ሁለት ሦስቴ ይጎትቱት፣ አይወሳሰብም።

ስፌቱ እንዲህ ነው። ከውስጥ በመሃለኛው ቀዳዳ ወደ ውጭ ያውጡ፤ ውስጥ 8 ሳንቲ ሜትር ጭራ ይተዉ። በላይኛው ወደ ውስጥ ያስገቡ። መሃሉን ዘለው በታችኛው ወደ ውጭ ያውጡ። ከዚያ በመሃለኛው ወደ ውስጥ ይመልሱ። አሁን ሁለቱ ጫፎች ከረጅሙ ክር ግራና ቀኝ መውደቅ አለባቸው፤ በአንድ ጎን ከወደቁ ቋጠሮው ይላላል። ክሩን ሲያጠብቁ በእጥፋቱ ትይዩ ይጎትቱ፤ ወደ ላይ ከጎተቱት ቀዳዳውን ይቀደዋል። ሁለቴ ቋጥረው 1 ሳንቲ ሜትር አስቀርተው ይቁረጡ።

ጥያቄ፦ ያንኑ መጽሐፍ በየማታው ይጠይቃል፤ ሰለቸኝ። (እናት፣ ከታቦር)

መልስ፦ ያንብቡለት። በተደጋገመ ቁጥር የሚይዘው ቃል ይጨምራል፤ የሚመጣውን ማወቁም ደስታው ነው። ከሳምንት በኋላ አንዲት ቃል ሆን ብለው ይሳቱ፤ እንዴት እንደሚያርምዎ ያያሉ። ከዚያ በኋላ መጽሐፉን እሱ ይያዘውና ለእርስዎ «ያንብብልዎ»።

ጥያቄ፦ ስልክ ላይ የሚያነብ የሥዕል መጽሐፍ አለ። ለ1 ዓመት ተኩል ልጅ ይሆናል? (አባት፣ ከሐይቅ ዳር)

መልስ፦ ለዚህ ዕድሜ አንመክርም። የዓለም ጤና ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው መመሪያ ከ2 ዓመት በታች ላለ ልጅ ቁጭ ብሎ ስክሪን ማየት አይመከርም፤ ከ2 እስከ 4 ዓመት በቀን ከ1 ሰዓት አይብለጥ ይላል፣ ባነሰ ቁጥር ይሻላል። ስልኩ ያነባል እንጂ ልጁ ያመለከተውን አይቶ አይመልስለትም። መጽሐፉን እርስዎ ስልክዎ ላይ አይተው ታሪኩን በቃል ይንገሩት፣ ወይም ያሳትሙት።

ጥያቄ፦ የተቀደደ ገጽ በስኮች ስለጥፍ ከጊዜ በኋላ ቢጫ ይሆንና ገጹ ይጣበቃል። ሌላ መላ አለ? (እናት፣ ከአቶቴ)

መልስ፦ የስኮቹ ማጣበቂያ ወረቀቱ ውስጥ ሰርጎ ነው የሚቢጨው፤ ጠርዙም ላይ አቧራ ይይዛል። የስንዴ ዱቄት ሙጫ ይሥሩ፦ 1 ማንኪያ ዱቄት በ5 ማንኪያ ቀዝቃዛ ውኃ እብጠት እስኪጠፋ በጥብጠው በትንሽ እሳት ያማስሉ፤ ነጭነቱ ለቆ ሲያብረቀርቅ ያውርዱና ያቀዝቅዙት። ከአዲስ ጫማ ጋር የሚመጣውን ስስ ወረቀት በ1 ሳንቲ ሜትር ስፋት በእጅዎ ይቅደዱ፤ በመቀስ ከተቆረጠ ጠርዙ ሥዕሉ ላይ መስመር ሆኖ ይታያል። የገጹን ቅዳጅ ጫፍ ለጫፍ ያጋጥሙ፣ ስሱን ወረቀት በሙጫው በጥቂቱ ቀብተው ከላይ ያሳርፉት፣ በንጹሕ ጨርቅ ይጫኑት። ከገጹ ፊትና ጀርባ ላስቲክ ያስገቡ፣ አለበለዚያ ከጎረቤቱ ገጽ ጋር ይጣበቃል። መጽሐፉን ዘግተው ከባድ ነገር ጭነው ያሳድሩት። የተረፈው ሙጫ በሁለት ቀን ስለሚሻግት ይደፋ። ክረምት ላይ ደግሞ መጽሐፎቹን ከግድግዳው 5 ሳንቲ ሜትር አርቀው ያቁሟቸው፤ የሻገተ ካለ ከሌሎቹ ነጥለው በደረቅ ጨርቅ ከቤት ውጭ ይጥረጉት።